የፍላጻ ጫፍና የአውታር ተቀጥላዎች ምርጫ በዒላማ ቀስት ውርወራ፦ የተጨማሪ ክብደት ሥፍራና ውጤት

አጽሕሮተ ጥናት

የፍላጻ ጫፍና በደጋን አውታር ላይ የሚታሰሩ ተቀጥላዎች በመጠናቸው አነስተኛ ቢሆኑም በፍላጻው ፍጥነት፣ በበረራው ርጋታና በቀስተኛው ደኅንነት ላይ የጎላ ተጽዕኖ አላቸው። ይሁን እንጂ ምርጫቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚከናወነው በልማድና በሻጭ ምክር ነው። ይህ ጽሑፍ በጉልበት ጥበቃ ሕግ ላይ የተመሠረተ ቀላል ስሌትን በመጠቀም አንድ ግራም ክብደት በፍላጻው ጫፍ፣ በአውታሩ መካከልና በአውታሩ ዳርቻ ሲጨመር የሚያስከትለውን ልዩነት ይመረምራል። ትንተናው እንደሚያሳየው በጫፉ ላይ የሚጨመር ክብደት ፍጥነትን ቢቀንስም ፍላጻው የሚወስደውን ጉልበትና እንድርድሪት ያሳድጋል። በአውታሩ መካከል የሚጨመረው ግን ሁለቱንም ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ግን በ70 ሜትር ርቀት የፍላጻዎቹ እርስ በርስ መመሳሰል ከጠቅላላ ክብደታቸው መጠን የበለጠ ወሳኝ ሆኖ ተገኝቷል። ጽሑፉ በመጨረሻ ውስን በጀት ላላቸው የሥልጠና ማዕከላት የሚሆን የምርጫ ቅደም ተከተል ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ፍላጻ፣ ደጋን፣ አውታር፣ ምናባዊ ክብደት፣ እንድርድሪት፣ የነፋስ ግፊት

1. መግቢያ

የቀስት ውርወራ በ1972 በሙኒክ በተካሄደው ውድድር ወደ ኦሊምፒክ መርሐ ግብር ከተመለሰ ወዲህ በመሣሪያ ረገድ ከፍተኛ ለውጥ አሳይቷል። በዛሬው የኦሊምፒክ ውድድር ቀስተኛው ከዒላማው 70 ሜትር ርቆ ይቆማል። የዒላማው ገጽ ስፋት 122 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አሥር ነጥብ የሚያስገኘው የመካከለኛው ክብ ስፋት 12.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህም ማለት ፍላጻው ከማዕከሉ 6.1 ሴንቲ ሜትር ከራቀ ነጥብ መቀነስ ይጀምራል ማለት ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ በአንድ ጥንድ ፍላጻዎች መካከል የሚታይ የግራም ክፍልፋይ ልዩነት ከቀስተኛው ችሎታ ጋር ተደባልቆ የውድድር ውጤትን ሊወስን ይችላል።

ችግሩ የሚጎላው ለጀማሪዎችና አነስተኛ በጀት ላላቸው ማዕከላት ነው። ገንዘቡ ውድ በሆነ ጫፍ ላይ ይዋል ወይስ በጥሩ አውታር፣ ቀላል ፍላጻ ይመረጥ ወይስ ከባድ፣ የሚሉት ጥያቄዎች በየዕለቱ የሚነሡ ናቸው። በተለምዶ የሚሰጠው መልስ «ፍጥነት የሚጨምረው ይሻላል» የሚል ነው። ይህ መልስ በከፊል የተሳሳተ ከመሆኑም ሌላ አንዳንድ ጊዜ አደጋ ያስከትላል፤ ለደጋኑ ከሚገባው በላይ የቀለለ ፍላጻ የደጋኑን ክንፎች ይጎዳልና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጫፍንና የአውታር ተቀጥላዎችን ምርጫ በአንድ ወጥ መለኪያ መመዘን ነው። ትኩረቱ ክንፎቹ ወደ ፊት በሚቀለበሱት፣ ሪከርቭ በሚባለው የዒላማ ደጋን ላይ ነው። ለአደን የሚውሉ ስለታም ጫፎች የዒላማ መያዣን ስለሚቆርጡና በሥልጠና ሜዳም ስለማይፈቀዱ በዚህ ትንተና አልተካተቱም።

2. ስለ ስያሜዎች

በአማርኛ ዕለታዊ ንግግር «ቀስት» የሚለው ቃል የሚወረወረውንም የሚወረውረውንም ዕቃ ለመጥራት ያገለግላል። ለቴክኒክ ጽሑፍ ግን ይህ አሻሚነት እንቅፋት ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የሚለጠጠው መሣሪያ «ደጋን» ተብሏል። ቃሉ በጥጥ መንደፊያው ደጋን ዘንድ የታወቀ ሲሆን የሁለቱም አሠራር በተወጠረ አውታር ላይ የተመሠረተ ነው። የሚወረወረው «ፍላጻ»፣ የፍላጻው ግንድ «ዘንግ»፣ የፊት ብረቱ «ጫፍ»፣ አውታሩ የሚገባበት የኋላ ክፍል ደግሞ በስፖርቱ በተለመደው ስም «ኖክ» ተብሏል። «አውታር» በክራርና በበገና እንደሚታወቀው ሁሉ የተወጠረውን ገመድ ያመለክታል። «ክብደት» የሚለው ቃል በግራም የሚለካውን መጠነ ቁስ ለመግለጽ ገብቷል።

3. የትንተናው ስልት

ቀስተኛው ደጋኑን ሲለጥጥ በክንፎቹ ውስጥ እምቅ ጉልበት ይጠራቀማል። አውታሩ ሲለቀቅ ይህ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ወደ ፍላጻው አይተላለፍም። የተወሰነው ክፍል አውታሩንና የክንፎቹን ጫፎች በማንቀሳቀስ ይወሰዳል፤ ሌላው በውስጣዊ ሰበቃ ወደ ሙቀትና ድምፅ ይለወጣል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ክሎፕስቴግ ይህን ብክነት በአንድ ቁጥር ለመግለጽ የሚያስችል ጽንሰ ሐሳብ አቅርቧል። ይኸውም የደጋኑ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚወስዱት ጉልበት፣ ከፍላጻው ጋር በእኩል ፍጥነት የሚጓዝ ተጨማሪ ክብደት እንዳለ ተደርጎ ይታሰባል። ይህ «ምናባዊ ክብደት» ይባላል። ክሎፕስቴግ ከክላረንስ ሂክማንና ከፎረስት ናግለር ጋር በ1947 ባሳተመው የቀስት ውርወራ ቴክኒካዊ ጥናቶች ስብስብ ውስጥ ይህ አስተሳሰብ ሰፊ ቦታ ይዟል።

የተጠራቀመው ጉልበት ጉ፣ የፍላጻው ክብደት ክ፣ ምናባዊው ክብደት ም፣ የፍላጻው መነሻ ፍጥነት ፍ ቢባል ዝምድናቸው እንደሚከተለው ይገለጻል፦

ጉ = ½ × (ክ + ም) × ፍ²

ለማሳያ ያህል 178 ኒውተን ወይም 40 ፓውንድ የመለጠጥ ኃይል ያለው፣ 48 ጁል ጉልበት የሚያጠራቅምና 8 ግራም ምናባዊ ክብደት ያለው ደጋን ተወስዷል። ፍላጻው 20 ግራም ቢመዝን መነሻ ፍጥነቱ 58.6 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ከ48 ጁል ውስጥ 34.3 ጁል ወይም 71 በመቶ ያህሉ ወደ ፍላጻው ይተላለፋል፤ ቀሪው 13.7 ጁል በደጋኑ ውስጥ ይቀራል።

በአውታሩ ላይ ያለ ክብደት በሙሉ በእኩል አይቆጠርም። ፍላጻው ከአውታሩ በሚለይበት ቅጽበት የአውታሩ መካከል ከፍላጻው ጋር እኩል ሲፈጥን ዳርቻዎቹ ግን ለመቆም ተቃርበዋል። ፍጥነቱ ከዳርቻ እስከ መካከል በተመጣጠነ መንገድ ያድጋል ተብሎ ቢወሰድ፣ እንቅስቃሴያዊ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚዛመድ በወጥ አውታር ላይ የሚቆጠረው ክብደት የአውታሩ አንድ ሦስተኛ ይሆናል። በመካከል የታሰረ አንድ ግራም እንደ አንድ ሙሉ ግራም ይቆጠራል። ከዳርቻ እስከ መካከል ካለው ርቀት እኩሌታ ላይ የታሰረው እንደ ሩብ ግራም ብቻ ይቆጠራል። ከዳርቻው በአንድ አምስተኛው ርቀት ላይ ያለው ደግሞ ከ0.04 ግራም አይበልጥም። የዚህ ጽሑፍ ዋና መከራከሪያ የሚነሣው ከዚህ ነጥብ ነው፤ ክብደት ምን ያህል ነው ከሚለው ጥያቄ በፊት የት ላይ ነው የሚለው ሊጠየቅ ይገባል።

4. የፍላጻ ጫፍ

4.1 የጫፍ ክብደትና የበረራ ባሕርይ

ለማሳያነት የተወሰደው ፍላጻ 72 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 11 ግራም የሚመዝን ዘንግ፣ 0.5 ግራም የሚመዝን ኖክና 0.9 ግራም የሚመዝኑ ክንፎች አሉት። የክንፎቹ አማካይ ሥፍራ ከኖኩ 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው። የሚለዋወጠው ጫፉ ብቻ ነው። «የፊት ሚዛን» የሚባለው የፍላጻው የሚዛን ነጥብ ከርዝመቱ እኩሌታ ምን ያህል ወደ ፊት እንደራቀ በመቶኛ የሚገልጽ ልኬት ነው።

ሠንጠረዥ 1፦ የጫፍ ክብደት ለውጥ የሚያስከትለው ውጤት (በስሌት የተገኘ)

| ጫፍ (ግራም) | ጠቅላላ ፍላጻ (ግራም) | የፊት ሚዛን (በመቶ) | ፍጥነት (ሜትር በሰከንድ) | የፍላጻ ጉልበት (ጁል) | እንድርድሪት (ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ) |
|---|---|---|---|---|---|
| 5.2 | 17.6 | 11.2 | 61.2 | 33.0 | 1.08 |
| 6.5 | 18.9 | 13.8 | 59.7 | 33.7 | 1.13 |
| 7.6 | 20.0 | 15.8 | 58.6 | 34.3 | 1.17 |
| 8.6 | 21.0 | 17.4 | 57.5 | 34.8 | 1.21 |

ከሠንጠረዡ እንደሚታየው ጫፉ ከ5.2 ወደ 8.6 ግራም ሲያድግ ፍጥነቱ በ6 በመቶ ይቀንሳል፤ የክብደትና የፍጥነት ብዜት የሆነው እንድርድሪት ግን በ12 በመቶ ይጨምራል። የትኛው ይበልጣል የሚለውን ለመወሰን ሁለት ዓይነት ስሕተቶችን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በስበት የሚመጣው የከፍታ ቅነሳ ነው። የአየር መቋቋም ወደ ጎን ቢተው ቀላሉ ፍላጻ በ70 ሜትር ጉዞ 6.4 ሜትር ያህል ሲወርድ ከባዱ 7.3 ሜትር ያህል ይወርዳል። ልዩነቱ 85 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ትልቅ ቢመስልም በእያንዳንዱ ውርወራ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማነጣጠሪያውን አንድ ጊዜ በማስተካከል ይወገዳል።

ሁለተኛው የጎን ነፋስ ግፊት ነው። ረግቶ የሚበር ፍላጻ በጎን ነፋስ የሚገፋበት ርቀት፣ ፍላጻው በአየር መቋቋም ምክንያት ከዘገየበት ጊዜ ጋር የተመጣጠነ ነው። የአየር መቋቋም ከፍጥነት ካሬ ጋር እንደሚያድግ ከተወሰደ ይህ መዘግየት ከፍላጻው እንድርድሪት ጋር በተገላቢጦሽ ይዛመዳል። በመሆኑም ቅርጻቸው ተመሳሳይ ሆኖ 5.2 ግራም ጫፍ የያዘው ፍላጻ 8.6 ግራም ከያዘው ይልቅ በ12 በመቶ የበለጠ በነፋስ ይገፋል። ነፋስ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ ይህን ስሕተት ማነጣጠሪያ አስቀድሞ ሊያርመው አይችልም። ቋሚ ስሕተት የሚታረም፣ ተለዋዋጭ ስሕተት ግን የማይታረም በመሆኑ ለሜዳ ውድድር ከበድ ያለ ጫፍ ተመራጭ የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው።

ይህ ድምዳሜ ግን ወሰን አለው። የመለጠጥ ኃይሉ ዝቅተኛ በሆነ ደጋን ከባድ ፍላጻ ረጅም ርቀት እንዲደርስ ማነጣጠሪያው እጅግ ዝቅ ማለት ስላለበት ከፍላጻው መንገድ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ለጀማሪ ቀስተኛ በቅድሚያ ዒላማው ላይ መድረስ ከነፋስ ጥቂት ከመዳን ይቀድማል።

4.2 ጫፍና የዘንግ ግትርነት

የዘንግ ግትርነት የሚለካው በ28 ኢንች ወይም በ71.1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በተቀመጡ ሁለት ድጋፎች መካከል 880 ግራም በማንጠልጠል ነው። ዘንጉ የጎበጠበት መጠን በሺኛ ኢንች ተቆጥሮ መለያ ቁጥሩ ይሆናል። ለምሳሌ 500 ቁጥር ያለው ዘንግ 12.7 ሚሊ ሜትር ይጎብጣል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይጠነክራል።

ይህ ግን ዘንጉ በዕረፍት ላይ ሳለ ያለው ግትርነት ነው። በውርወራ ጊዜ አውታሩ ከኋላ ሲገፋ ጫፉ በግዕዘቱ ምክንያት ይቋቋማል፤ በሁለቱ መካከል የተያዘው ዘንግ ይጎብጣል፤ በደጋኑ መያዣ ዙሪያም እየተወዛወዘ ያልፋል። በምሳሌው ደጋን የመነሻው ሽምጠጣ ወደ 6,000 እና 7,000 ሜትር በሰከንድ ካሬ መካከል ይደርሳል። በዚህ ሽምጠጣ 5.2 ግራም ጫፍ በዘንጉ የፊት ክፍል ላይ 36 ኒውተን፣ 8.6 ግራም ጫፍ ደግሞ 53 ኒውተን ያህል ጭነት ያሳርፋል። ስለዚህ ጫፉን ማክበድ ዘንጉን ከማለስለስ ጋር ተመሳሳይ ውጤት አለው።

ተግባራዊው መዘዝ ግልጽ ነው። ጫፍ ሲቀየር ዘንጉ ከደጋኑ ጋር ያለው ስምምነትም ይቀየራል። ይህን ለመፈተን ክንፍ ያለውና ክንፍ የሌለው ፍላጻ በተመሳሳይ ርቀት ይወረወራሉ። ለቀኝ እጅ ቀስተኛ ክንፍ የሌለው ፍላጻ ከባለ ክንፉ ወደ ግራ ካረፈ ዘንጉ ከሚገባው በላይ ግትር፣ ወደ ቀኝ ካረፈ ደግሞ ከሚገባው በላይ ለስላሳ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ጫፉን ማክበድ፣ በሁለተኛው ማቅለል ወይም ዘንጉን ማሳጠር መፍትሔ ይሆናል። አዳዲስ ዘንጎችን ከመግዛት ይልቅ በጫፍ ማስተካከል ርካሽ መንገድ ነው። የኋላ ጅራታቸው በየክፍሉ እየተሰበረ ክብደታቸው የሚቀነስ ጫፎች የተሠሩትም ለዚህ ዓላማ ነው።

4.3 የጫፍ ቁስና ቅርጽ

የዒላማ ጫፎች በአብዛኛው ከማይዝግ ብረት ይሠራሉ፤ ውድ የሆኑት ከተንግስተን ናቸው። የተንግስተን እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም ሲሆን የማይዝግ ብረት 7.9 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ክብደት ያለው የተንግስተን ጫፍ ከብረቱ ይዘት 41 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ ክብደቱም ወደ ፊት ይሰበሰባል። በምሳሌው ፍላጻ ላይ የጫፉ የክብደት ማዕከል በአንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢገፋ የፊት ሚዛኑ በግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ያድጋል። ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም ትንሽ ነው። ሌሎች ጉድለቶች ሳይታረሙ በዚህ ላይ ገንዘብ ማውጣት ቅደም ተከተሉን ያልጠበቀ ምርጫ ይሆናል።

በቅርጽ ረገድ ጫፉ ከዘንጉ ውፍረት ጋር መግጠም አለበት። ከዘንጉ የሰፋ ጫፍ ፍላጻው ከዒላማው ሲነቀል ጫፉ እንዲቀር ምክንያት ይሆናል፤ የጠበበ ጫፍ ደግሞ የዘንጉን አፍ ለጉዳት ያጋልጣል። የዓለም አቀፉ የቀስት ውርወራ ፌዴሬሽን ደንብ የዘንግ ውፍረት ከ9.3 ሚሊ ሜትር፣ የጫፍ ውፍረት ደግሞ ከ9.4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይገድባል። በካርቦን ዘንግ ላይ ጫፍ በሙቅ ሙጫ ሲጣበቅ የሚሞቀው ብረቱ እንጂ ዘንጉ መሆን የለበትም። ከልክ ያለፈ ሙቀት የካርቦኑን ክሮች ያያያዘውን ሙጫ ያዳክማል፤ የተዳከመ ዘንግ ደግሞ በሚለቀቅበት ጊዜ በእጅ አጠገብ ሊሰበር ይችላል።

4.4 የጫፎች መመሳሰል

በምሳሌው ደጋን የፍላጻው ክብደት በአንድ ግራም ሲለወጥ በ70 ሜትር ላይ የሚያርፍበት ከፍታ በ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለወጣል። ይህ ማለት በአንድ ቀስተኛ ፍላጻዎች መካከል የ0.1 ግራም ልዩነት ቢኖር 2.5 ሴንቲ ሜትር የከፍታ መበታተን ይፈጠራል ማለት ነው። መበታተኑ ከአሥር ነጥቡ ክብ ሬዲየስ ሩብ፣ ማለትም ከ1.5 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ከተፈለገ ልዩነቱ ከ0.06 ግራም በታች መሆን አለበት። ይህም በስፖርቱ ከተለመደው የክብደት መለኪያ አንድ ግሬን ጋር ተቀራራቢ ነው፤ አንድ ግሬን 0.065 ግራም ነውና።

በ18 ሜትር የአዳራሽ ውድድር ግን ሁኔታው ይለያል። የከፍታ ቅነሳ ከርቀት ካሬ ጋር ስለሚያድግ በዚህ ርቀት የአንድ ሙሉ ግራም ልዩነት የሚያመጣው 1.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በአዳራሽ ለሚሠለጥኑ ጀማሪዎች የጫፍ መመሳሰል ተፈላጊ ቢሆንም አሳሳቢ አይደለም፤ ወደ 70 ሜትር ሲያድጉ ግን ቀዳሚ ጉዳይ ይሆናል።

ተመሳሳይነትን ለማግኘት የግድ ውድ ጫፍ መግዛት አያስፈልግም። ዘንጎችና ጫፎች ለየብቻ በትንሽ ሚዛን ተመዝነው ቀላሉ ዘንግ ከከባዱ ጫፍ ጋር ቢጣመር ጠቅላላ ክብደቱ ይቀራረባል። በዚህ መንገድ 0.1 ግራም ከዘንግ ወደ ጫፍ ቢዛወር የፊት ሚዛኑ የሚለወጠው በሩብ በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ያነሰ ነው።

5. የአውታር ተቀጥላዎች

5.1 በመካከል የሚያርፉ ዕቃዎች

አንድ ግራም በጫፉ ላይ ሲጨመርና በአውታሩ መካከል ሲጨመር ፍጥነቱ በሁለቱም ሁኔታ ከ58.6 ወደ 57.5 ሜትር በሰከንድ ይወርዳል። በጉልበት ረገድ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ነው። በጫፉ ላይ ሲጨመር ፍላጻው የሚወስደው ጉልበት ከ34.3 ወደ 34.8 ጁል ያድጋል፤ በአውታሩ ላይ ሲጨመር ወደ 33.1 ጁል ይቀንሳል። እንድርድሪቱም በመጀመሪያው ሁኔታ ወደ 1.21 ሲያድግ በሁለተኛው ወደ 1.15 ይወርዳል። ስለዚህ አውታር ላይ የሚቀመጥ ማንኛውም ዕቃ ለሚሰጠው አገልግሎት የሚከፈልበት ዋጋ አለው።

የአውታሩን መካከል ከመበላት የሚጠብቀው የክር ጥምጥም ግን ሊቀር የማይችል ነው። 166 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው አውታር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ጥምጥም ቢኖር ከጥምጥሙ እያንዳንዱ ክፍል ከ77 በመቶ በላይ ክብደቱ ይቆጠራል። ስለዚህ ጥምጥሙ ጣቶችና ክንድ ከሚነኩት ሥፍራ ብዙ ርቆ መሄድ የለበትም። ከርዝመቱ ይልቅ የሚያሳስበው ውፍረቱ ነው። ኖኩ በጥምጥሙ ላይ ሲገባ ፍላጻው በአውታሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ፣ አውታሩ በጣት ቀለል ተደርጎ ሲመታ ደግሞ እንዲለቅ ያስፈልጋል። ከልክ በላይ የጠበቀ ኖክ የፍላጻውን አወጣጥ ያውካል። የላላው ደግሞ ፍላጻው ከመለቀቁ በፊት ከአውታሩ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ውጤቱም ባዶ መልቀቅ ነው።

ባዶ መልቀቅ አደገኛ የሚሆንበትን ምክንያት ከላይ የተሰጠው ቀመር በግልጽ ያሳያል። የፍላጻው ክብደት ዜሮ ሲሆን 48 ጁሉ በሙሉ በደጋኑ ክፍሎች ውስጥ ይቀራል። ፍላጻው እጅግ ሲቀልም ወደዚሁ ሁኔታ ይጠጋል። በኮምፓውንድ ደጋን ዘንድ የታወቀው ዝቅተኛ ልክ ለእያንዳንዱ ፓውንድ የመለጠጥ ኃይል 5 ግሬን ነው። ለ40 ፓውንድ ይህ 13 ግራም ይሆናል። በምሳሌው ደጋን ባለ 13 ግራም ፍላጻ ቢወረወር በደጋኑ ውስጥ የሚቀረው ጉልበት ከ13.7 ወደ 18.3 ጁል ያድጋል፤ የሦስተኛ እጅ ጭማሪ ማለት ነው። ለሥልጠና ደጋኖች ከዚህ ልክ በእጅጉ የከበደ ፍላጻ መምረጥ የመሣሪያውን ዕድሜ ያራዝማል፤ የሠልጣኞችንም ደኅንነት ይጠብቃል።

የፍላጻውን መቀመጫ የሚያሳየው ምልክት ከሁለት መንገዶች በአንዱ ይሠራል። አንደኛው በመቆንጠጫ የሚታሰር የናስ ቀለበት፣ ሁለተኛው በክር የሚቋጠር ነው። ናሱ ግማሽ ግራም ቢመዝን ፍጥነቱን በግማሽ ሜትር በሰከንድ ያህል ይቀንሳል፤ በ70 ሜትርም የማረፊያውን ከፍታ በ12 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርጋል። ይህ ቋሚ ስለሆነ በማነጣጠሪያ ይታረማል። የማይታረመው ናሱ በውድድር መካከል ሲንሸራተት ወይም ሲወድቅ የሚፈጠረው ለውጥ ነው። በክር የተቋጠረው ቀላል ነው፤ የጣት መሸፈኛንም አይቆርጥም። ናሱ በአንጻሩ በፍጥነት የሚታሰርና በቀላሉ የሚስተካከል በመሆኑ ትክክለኛው ሥፍራ እስኪገኝ ድረስ በሥልጠና ወቅት ማገልገሉ፣ ከዚያ በክር መተካቱ ሁለቱንም ጥቅሞች ያጣምራል።

የከንፈር ወይም የአፍንጫ ምልክት የሚባለው ትንሽ ቁልፍ ቀስተኛው አውታሩን ሁልጊዜ በአንድ ሥፍራ እንዲያሳርፍ ይረዳዋል። በሪከርቭ ምድብ አንድ ምልክት ይፈቀዳል፤ በአውታሩ ውስጥ የሚገባ ማያ ቀዳዳ ግን አይፈቀድም። ማያ ቀዳዳ ለኮምፓውንድ ምድብ የተተወ ነው። ማነጣጠሪያ በሌለው የቤርቦው ምድብ ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው። ስለዚህ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ሠልጣኙ የሚወዳደርበት ምድብ መታወቅ አለበት።

5.2 ወደ ዳርቻ የሚያርፉ ዕቃዎች

ድምፅ ማብረጃዎች ከሱፍ ወይም ከጎማ ተሠርተው ከመካከል ራቅ ብለው ይታሰራሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ማብረጃዎች ከዳርቻ እስከ መካከል ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ቢታሰሩ በአንድነት እንደ ግማሽ ግራም ይቆጠራሉ። ወደ ዳርቻው አምስተኛ ቢጠጉ የሚቆጠረው 0.08 ግራም ብቻ ነው። ሆኖም በዚያ ሥፍራ የአውታሩ ንዝረት ስለሚያንስ ማብረጃው የሚሠራው ሥራም ይቀንሳል። ለዒላማ ውድድር ድምፅ ማጥፋት አስፈላጊ ስላልሆነ መተዋቸው የተሻለ ነው።

5.3 አውታሩ ራሱ

ፖሊስተር የሆነው ዳክሮን በመለጠጥ ባሕርዩ የአውታሩን ድንገተኛ ውጥረት ስለሚያለሰልስ ክንፎቻቸው ላልተጠናከሩ የቆዩና የእንጨት ደጋኖች ተስማሚ ነው። ዳይኒማን የመሰሉ ዘመናዊ ክሮች እምብዛም አይለጠጡም፤ በጥቂት ክሮችም በቂ ጥንካሬ ስለሚሰጡ የአውታሩን ክብደት ይቀንሳሉ። ኬቭላር በአንድ ወቅት ተመራጭ የነበረ ቢሆንም በኖኩ አካባቢ በሚደርስበት ተደጋጋሚ መታጠፍ ተዳክሞ ሳይታሰብ ስለሚበጠስ ተትቷል። የክር ምርጫ የሚወሰነው በደጋኑ ክንፎች አቅም በመሆኑ የአምራቹን መመሪያ መከተል የግድ ነው።

6. የከፍታ ቦታ ተጽዕኖ

የአየር መቋቋም ከአየር እፍግታ ጋር የተመጣጠነ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየር እፍግታ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ስለሆነም አንድ ዓይነት ነፋስ ፍላጻውን የሚገፋበት ርቀት እዚህ በሩብ ያህል ይቀንሳል። በከፍታ ቦታ የተለማመደ ቀስተኛ በባሕር ወለል አካባቢ ሲወዳደር ፍላጻው ዝቅ ብሎ ማረፉንና በነፋስ ይበልጥ መገፋቱን ያያል። ከፍታ ቦታ ላይ «በቂ» መስሎ የታየ ቀላል ጫፍ በቆላ ሜዳ ላይ በቂ ላይሆን ይችላል። ጫፍ የሚመረጠው በልምምዱ ሜዳ ሳይሆን በውድድሩ ሜዳ ሁኔታ መሆን እንዳለበት ይህ ያስገነዝባል።

7. ልኬትና የምርጫ ቅደም ተከተል

ከላይ የተጠቀሱት ቁጥሮች ለአንድ ምሳሌ ደጋን የተሰሉ ናቸው። ማንኛውም ማዕከል የራሱን ደጋን ባሕርይ በፍጥነት መለኪያና በትንሽ ሚዛን ማግኘት ይችላል። ክብደታቸው የተለያየ ሁለት ፍላጻዎች በተመሳሳይ አለጣጠጥ ተወርውረው ፍጥነታቸው ከተለካ ምናባዊው ክብደት እንደሚከተለው ይገኛል፦

ም = (ክ2 × ፍ2² − ክ1 × ፍ1²) ÷ (ፍ1² − ፍ2²)

በቀመሩ ክ1 እና ፍ1 የቀላሉን፣ ክ2 እና ፍ2 የከባዱን ፍላጻ ክብደትና ፍጥነት ያመለክታሉ። የመለኪያ ስሕተትን ለመቀነስ እያንዳንዱ ፍላጻ ደጋግሞ መወርወርና አማካዩን መውሰድ ያስፈልጋል።

ከትንተናው የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመነጫል። በመጀመሪያ ደኅንነት ይረጋገጣል፤ ይኸውም ፍላጻው ለደጋኑ በቂ ክብደት እንዲኖረው፣ ኖኩ በጥምጥሙ ላይ በትክክል እንዲገጥም፣ የአውታሩ ክር ከክንፎቹ አቅም ጋር እንዲስማማ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የፍላጻዎቹ ክብደት ይመሳሰላል። በሦስተኛ ደረጃ የጫፉ ክብደት ከዘንጉ ግትርነት ጋር ይስማማል። በአራተኛ ደረጃ ከአውታሩ መካከል አላስፈላጊ ክብደት ይነሣል። የጫፉ ቁስ ከብረት ወደ ተንግስተን የሚሻሻለው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ ገንዘብ ከተረፈ ነው።

8. ማጠቃለያ

ጽሑፉ የፍላጻ ጫፍና የአውታር ተቀጥላዎች በአንድ ቀመር ሊመዘኑ እንደሚችሉ አሳይቷል። በጫፍ ላይ ያለ ክብደት ከፍላጻው ጋር ወደ ዒላማው ይሄዳል፤ በአውታሩ መካከል ያለው ግን ጉልበት ወስዶ በደጋኑ ይቀራል። ፍጥነትን ብቻ መመልከት ይህን ልዩነት ይሸፍናል፤ በሁለቱም ሁኔታ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር አንድ ነውና።

ስልቱ ውስንነቶች አሉት። ምናባዊው ክብደት ለሁሉም ፍላጻዎች ቋሚ ነው ተብሎ ተወስዷል፤ የከፍታ ቅነሳውም የአየር መቋቋምን ሳይጨምር ተሰልቷል። የአውታሩ ዳርቻዎች ለመቆም ይቃረባሉ የሚለው ግምት ለሪከርቭ ደጋን የሚሠራ ሲሆን በመዘውር ለሚሠራው ኮምፓውንድ ደጋን በቀጥታ አይሠራም። በዚያ ዓይነት ደጋን ከመዘውሮቹ አጠገብ ትናንሽ ክብደቶችን በአውታሩ ላይ በማሰር ፍጥነት የሚጨምሩ መኖራቸው የክብደት ሥፍራ ጥያቄ ለብቻው ሊጠና እንደሚገባው ይጠቁማል። በተለያየ ከፍታ ላይ በሚገኙ ሜዳዎች የሚደረግ የተግባር ልኬት ደግሞ እዚህ በስሌት የቀረበውን የነፋስና የአየር እፍግታ ዝምድና ለመፈተን ያስችላል።